«በደንብ ቀቅላችሁ ብሉ» የሚለው ምክር ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ባሕር ምግብ ጥንቃቄ ሲጻፍ ማሳረጊያው አብዛኛውን ጊዜ «በደንብ ቀቅላችሁ ብሉ» የሚል ነው። ለባክቴሪያና ለጥገኛ ትላትል ምክሩ ትክክል ነው። አልጌ ከተባሉ፣ በውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ለሚመጣ መርዝ ግን አይሠራም፤ ይባስ ብሎ ሰውን ያዘናጋል። ሳክሲቶክሲን የተባለው መርዝ በማብሰያ እሳት አይጠፋም። በውኃ ስለሚሟሟ ሲቀቀል ከፊሉ ወደ መረቁ ይወጣል፤ መረቁን የጠጣ ሰው መርዙንም አብሮ ይጠጣል። ማቀዝቀዣም ሆነ ሎሚና ኮምጣጤ አያረክሱትም።

የመርዙ ምንጭ እንደ አሌክሳንድሪየም ያሉ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። መስል፣ ኦይስተር፣ ክላምና ስካሎፕን የመሰሉ ጥንድ ዛጎል ያላቸው እንስሳት ምግባቸውን የሚያገኙት ውኃ እያጠለሉ ስለሆነ፣ አልጌው ሲበዛ መርዙ በሰውነታቸው ይጠራቀማል። እንስሳው ጤነኛ ይመስላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አይለወጥም። የውኃውን ቀለም አይቶ መፍረድም አያዋጣም። ባሕሩ ቀልቶ መርዝ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ ጥርት ባለ ውኃም ገዳይ መጠን ሊኖር ይችላል። በ1793 እ.ኤ.አ. ከካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር መርከበኞች አንዱ የሆነው ጆን ካርተር በዛሬዋ ካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ለቁርስ መስል በልቶ በዚያው ዕለት ሞተ።

መርዞቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳክሲቶክሲን የነርቭ መልእክት እንዲተላለፍ የሚያደርጉትን የሶዲየም በሮች ይዘጋል፤ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከንፈርና ምላስ፣ ቀጥሎም የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፤ ከከፋ የመተንፈሻ ጡንቻ ሽባ ይሆናል። ዶሞይክ አሲድ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በካናዳ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት መስል ከመቶ በላይ ሰዎችን አሳመመ፣ የሞቱም ነበሩ፣ ከተረፉት አንዳንዶቹ አዲስ ነገር ማስታወስ አቃታቸው። ኦካዳይክ አሲድ ተቅማጥና ማስመለስ ስለሚያስከትል በቀላሉ ተራ የምግብ መመረዝ ተብሎ ይታለፋል። ሲጓቴራ የተባለው መመረዝ ደግሞ የሚመጣው ከዛጎል ሳይሆን በኮራል (በባሕር ድንጋይ) አካባቢ ከሚኖሩ ትልልቅ አዳኝ ዓሦች ነው። ባራኩዳንና ሞሬይን ጨርሶ አለመብላት ይሻላል፤ የሌሎቹም ጭንቅላት፣ ጉበትና እንቁላል ከሥጋቸው ይበልጥ መርዝ ይይዛል። በሲጓቴራ የተመረዘ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ እንደ እሳት ሊያቃጥለው ይችላል፤ ይህን ምልክት የሰማ ሐኪም ስለ ዓሣ መጠየቅ አለበት።

እንግዲህ ሸማቹን የሚጠብቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በአንድ ኪሎ የዛጎል ሥጋ ውስጥ የሚፈቀደው ጣሪያ ለሳክሲቶክሲን ወገን 0.8 ሚሊ ግራም፣ ለዶሞይክ አሲድ 20 ሚሊ ግራም፣ ለኦካዳይክ አሲድ ወገን 160 ማይክሮ ግራም ነው። በመሰብሰቢያ ወቅት ናሙና በመደበኛነት በየሳምንቱ ይወሰዳል። መርዙ ከጣሪያው በላይ ሆኖ የተዘጋ የመሰብሰቢያ ቦታ የሚከፈተው ቢያንስ በ48 ሰዓት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ተከታታይ ናሙናዎች ከጣሪያው በታች ሲሆኑ ነው። ስሕተት የሚገባው ብዙ ጊዜ ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። አልጌው በአንድ ጥልቀት ላይ በስሱ ሊነጠፍ ስለሚችል፣ መስል ከሚረባበት በውኃ ውስጥ ከተንጠለጠለ ገመድ የላይኛው ጫፍ ብቻ የተለቀመ ናሙና የታችኛውን አይወክልም። የአልጌ ቆጠራ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ውኃው ከጠራ በኋላም መርዙ በእንስሳው ውስጥ ይቆያል። መስል በሳምንታት ውስጥ ሊያስወጣው ይችላል፤ በተር ክላም የተባለው ዝርያ ግን እስከ ሁለት ዓመት ይዞት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ለመስል የተሰጠ ፈቃድ ለክላም አይሠራም።

በጋዜጣችሁ ምክሩ ዳግመኛ ሲወጣ ይህ እንዲጨመርበት እንጠይቃለን፦ ዛጎል ከተበላ በኋላ ከንፈር ከደነዘዘ እስኪያልፍ አይጠበቅ፤ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሕይወት የሚያተርፈው የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ያለበት ሆስፒታል በፍጥነት መድረስ ነው። ለሐኪሙ ምን፣ መቼና ምን ያህል እንደተበላ ይነገረው። የተረፈው ምግብ አይጣል፤ ተሸፍኖ በማቀዝቀዣ ይቀመጥና ለምርመራ ይሰጥ። አብረው የበሉትም፣ ባይታመሙም፣ ወዲያው ይነገራቸው።

የባሕር ምግብ ደኅንነት ባለሙያዎች