«አይ አር ኤስ አይደውልም» ማለታችሁ ይታረም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«ከአይ አር ኤስ (ከአሜሪካ ፌዴራል የታክስ መሥሪያ ቤት) ነን» እያሉ በስልክ ስለሚያታልሉ ሌቦች ባለፈው ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ተናደድኩ። በደማቁ የጻፋችኋት «አይ አር ኤስ በፍጹም አይደውልም፤ ከደወለ ሌባ ነው» የምትለዋ መስመር ስህተት ናት። እኔን ዋጋ አስከፍላኛለች።

አሌክሳንድሪያ ታክሲ እነዳለሁ። የቆየ የታክስ ዕዳ ነበረብኝ። አንዲት ሴት ደውላ «ዕዳዎን እንድንሰበስብ ተልኮልናል» ስትለኝ፣ ይህንኑ ምክር ከሰው ሰምቼ ስለነበር ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ደጋግማ ስትደውል ቁጥሯን አገድኩ። ለካ እውነተኛ ነበረች፤ ስለ ዕዳው አስቀድሞ የተላከልኝ ደብዳቤ መኪናዬ ኪስ ውስጥ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ሳይከፈት ተቀምጧል። እስክነቃ ወለዱና ቅጣቱ ወር በወር ሲጨመር ከረመ።

ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ አይ አር ኤስ የቆዩ ዕዳዎችን ለግል ሰብሳቢ ድርጅቶች ይሰጣል፤ እነሱም ይደውላሉ። ግን አስቀድሞ ደብዳቤ ይመጣል፤ መጀመሪያ ከአይ አር ኤስ፣ ቀጥሎ ከድርጅቱ። በአይ አር ኤሱ ደብዳቤ ላይ ባለ 10 አሃዝ መለያ ቁጥር አለ። ባለዕዳው የመጀመሪያዎቹን 5 ይናገራል፣ ደዋዩ ቀጣዮቹን 5 ይመልሳል። መመለስ ካቃተው መዝጋት ነው። ገንዘቡም የሚገባው ለአሜሪካ ግምጃ ቤት እንጂ ለድርጅቱ አይደለም። ይህን ለመጻፍ ስንት መስመር ይፈጃል?

እህቴን ደግሞ እውነተኛው ሌባ አገኛት። እንግሊዝኛ አሳምራ ትናገራለች። «ዛሬ ካልከፈልሽ ፖሊስ መጥቶ ወደ አገርሽ ያባርርሻል» ሲላት ግን ጉልበቷ ከዳት። ስልኩን እንዳትዘጋ አዝዟት ሱቅ ገባች፣ የ1,500 ዶላር የስጦታ ካርድ (ቁጥሩን ያወቀ ሰው ገንዘቡን የሚያጠፋበት ካርድ) ገዛች፣ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ብርማውን ቅብ እየፋቀች ቁጥሩን አነበበችለት። ማታ ቤቴ ስትመጣ ብናኙ ጥፍሯ ውስጥ ነበር።

ስለ መባረር ማስፈራሪያ ግን ዘገባችሁ አንድ ቃል አልጻፈም። በአማርኛ የምትጽፉት ለማን ነው? ወረቀቷ ገና ያላለቀላት ሴት ስልክ ይዛ ስትንቀጠቀጥ ማወቅ ያለባት ይህን ነበር፦ አይ አር ኤስ የማንንም የመኖሪያ ፈቃድ መሰረዝ አይችልም፤ ታክስንም በስጦታ ካርድ አይቀበልም።

እርማቱን እንደ ስህተቱ በደማቁ አውጡልን።

አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ