ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ የዓይን ጀርባም ይታይልን

ይድረስ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፣
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው።

እኛ ጎጃም ስለ ዓይን ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ትራኮማ ነው። ይገባዋልም። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ታድሏል፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎላቸው እፎይ ያሉ እናቶችን አውቃለሁ። ለዓይን ሞራም ዘመቻ ይደረጋል። የእኔ አቤቱታ ከውጭ ስለማይታየው፣ ስለ ዓይን ጀርባ ብግነት (መቆጣት) ነው።

የአክስቴ ልጅ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ ሰሞን ግራ ዓይኑ ላይ ጥቁር ነጥብ ይንሳፈፍበት ጀመር። ዝንብ እየመሰለው በእጁ እሽ ይላል። ቀኝ ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ ቀጥ ያለው የስፌት መስመር ይጎብጥበታል። ዓይኑ አልቀላም፣ አላመመውም። የሄደበት ጤና ተቋም ጠብታ ሰጥቶ ሸኘው። ያ ሲያልቅ ሌላ ጠብታ። ብሌኑን አስፍቶ ውስጡን ያየለት ሐኪም ሲገኝ ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ጀርባ ሽፋን) መሃል ላይ ጠባሳ ወጥቶ ነበር። ዛሬ መርፌውን ክር የምታስገባለት ልጁ ናት።

ጠብታ እኮ ወደ ዓይን ጀርባ እምብዛም አይደርስም። የብግነቱ መንስኤም አንድ አይደለም። ከተላላፊዎቹ ዋነኛው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ነው። ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሰዎች ይህ በግልጽ ሊነገረን ይገባል። ቲቢና ቂጥኝም እዚያ ይደርሳሉ። ኤችአይቪ አቅሙን ባዳከመው ሰው ላይ ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ሬቲናን ያጠፋል። ተዋሲያን የሌለበትም አለ፤ የሰውነት መከላከያ በገዛ ዓይኑ ላይ ሲነሳ ማለት ነው።

ለቶክሶፕላዝማ ኮትሪሞክሳዞል ይሰጣል። ለቂጥኝ ፔኒሲሊን፣ ለቲቢ ደግሞ ወራት የሚወሰደው የቲቢ መድኃኒት አለ። ተላላፊ ላልሆነው ብግነት የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን፣ ከቆየም የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት ይታዘዛል። እኔን የሚያስፈራኝ ፕሬድኒሶሎን ነው። ብግነቱን ቶሎ ስለሚያበርድ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ውስጥ ኢንፌክሽን ካለና ለእሱ የሚሆን መድኃኒት አብሮ ካልተሰጠ ግን ዓይኑን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣና እንጅባራ ባሉት ሆስፒታሎች የብሌን ማስፊያ ጠብታ፣ የዓይን ውስጥ መመልከቻ መሣሪያና በእሱ ማየት የሠለጠነ ባለሙያ አይታጣ። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ፕሬድኒሶሎን ከመታዘዙ በፊት የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የቲቢ ምርመራ ይደረግ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም «ጥቁር ነገር ይንሳፈፍብኛል፣ እይታዬ ደበዘዘ» የሚል ሰው ሲያገኙ፣ ዓይኑ ባይቀላም፣ በዚያው ሳምንት ሪፈር እንዲጽፉ ይነገራቸው። ጸበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጠመቅ ይምከሩት።

ሪፈር ይዞ ባሕር ዳር የደረሰ ሰው ደግሞ የወራት ቀጠሮ ይዞ አይመለስ። ለዚህ ሕመም የተለየ ወረፋ ይኑረው። ከእነዚህ የትኛው ዘንድሮ እንደሚቻል፣ የትኛው በጀት እንደሚጠብቅ በግልጽ ብትነግሩን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ