የወፍ ምልከታ ክበብ፦ ዓይኑ ሳይታይ ስሙ አይጻፍም

ክበቡ ዘንድሮ ትኩረቱን በአንድ የደጋ ወፍ ላይ አድርጓል፤ በሳይንሳዊ ስሙ ሜላኢኖርኒስ ቾኮላቲኑስ በሚባለው ዝንብ አዳኝ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። አዲስ አባላት «ብርቅዬ» ሲባሉ ቁጥሩ የተመናመነ ይመስላቸዋል፤ ቃሉ እዚህ ላይ የሚናገረው ስለ መኖሪያው እንጂ ስለ ብዛቱ አይደለም። በጽድ ደን ጠርዝ፣ በቤተ ክርስቲያን ዛፎች፣ ጥላ ባለው ግቢ ሁሉ ይታያል። ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ ግን ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል።

ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጀርባው ወደ ቡናማ ያደላ ጥቁር ግራጫ፣ ደረቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። ቁልፉ ምልክት የአዋቂው ዓይን ነው፤ ፈዛዛ ቢጫ ስለሆነ ከጠቆረው ፊቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ብዙውን ጊዜ የሚያሳስቱን ሦስት ወፎች ናቸው። አንደኛው ትንሹ ቡናማ ዝንብ አዳኝ ነው፤ እሱም የደጋ ነዋሪ ሲሆን በመጠን ያንሳል፣ ዓይኑም ጥቁር ነው። ሁለተኛው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው መንገደኛ ዝንብ አዳኝ ነው፤ ደረቱና ግንባሩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ ዓይኑም ጥቁር ነው። በክረምት ዝናብ ወቅት እዚህ ስለማይገኝ፣ በዚያ መካከል አይተነዋል የሚል መዝገብ ቢመጣ ደግመን እንጠይቃለን። ሦስተኛው ጥቁሩ ዝንብ አዳኝ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ ጅራቱም ረዘም ያለ።

የእኛው ወፍ ጫጩት ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው። ላባው ፈዘዝ ባሉ ነጠብጣቦች የተሞላ ስለሆነ ከመንገደኛው ጋር ይምታታል። ነጠብጣብ ከመስመር መለየቱን ያላስተዋለ ተማሪ እዚህ ይወድቃል። ወላጅ አጠገቡ መኖሩን መጠበቅ ይረዳል።

ትልቁ ስሕተት ግን ከብርሃን የሚመጣ ነው። ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ስትሆን ማንኛውም ዝንብ አዳኝ ጥቁር ይመስላል። ስለዚህ ምልከታው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ መቆም ግዴታ ነው። የምንጠቀመው 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት ሌንሱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ነው። ከዚህ በላይ የሚያጎላው በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል፤ የዓይን ቀለም ደግሞ በሚንቀጠቀጥ ምስል አይለይም።

አንድ ባይኖኩላር ለሦስት ተማሪ ሲዳረስ የቀኝ ዓይን ማስተካከያው ለቀዳሚው እንደተስተካከለ ይቀራል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ተረካቢው በቅድሚያ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጁ ሸፍኖ በመሐል ባለው ተሽከርካሪ ማስተካከያ ለግራ ዓይኑ ያጠራል፤ ቀጥሎ ግራውን ሸፍኖ በቀኙ ማስተካከያ ብቻ ያጠራል። መነጽር ያደረገ ተማሪ ዓይን የሚያርፍበትን የጎማ ቀለበት ወደ ውስጥ ይመልሳል። 1 ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን ያልለመደ ቡድን ግን ማለዳውን ሙሉ በብዥታ ያሳልፋል።

በየምልከታ ጣቢያው 10 ደቂቃ ቆመን የምንመዘግበው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የዓይን ቀለም፣ ደረት፣ መጠን፣ የተቀመጠበት ከፍታ፣ አመጋገብ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ስሙን አስቀድሞ የወሰነ ተማሪ ያላየውን ዓይን ቢጫ ብሎ ይጽፋልና። ዓይኑ ካልታየ «ያልተለየ ዝንብ አዳኝ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ይህም እንደማንኛውም መዝገብ ሙሉ ዋጋ አለው። ጎጆ ከተገኘ ጣቢያው ወደ ሌላ ዛፍ ይዛወራል።