ስለጠየቁኝ ቅጽል

ይድረስ ለአባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሲያትል ዝናቧን ጀምራለች።

የላክሁልዎትን የቤት ማስታወቂያ በአጉሊ መነጽር አንብበው «ዲዛየረብል» በሚለው ቅጽል ሥር ማስመርዎን እህቴ ነገረችኝ። የእንግሊዝኛ መምህር ለካ ጡረታ አይወጣም! ፍቺው እንዳሉት «ተፈላጊ» ነው፤ ተንኮሉ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። በእኛ አገር የሥራ ማስታወቂያ «ተፈላጊ ችሎታ» ከተባለ፣ ያላሟላ ሰው ባያመለክት ይሻለዋል። እንግሊዞች ግን ግዴታ የሆነውን ለብቻው ይዘረዝሩና በዚህ ቅጽል የሚጠሩት ቢኖር የሚመረጠውን፣ ባይኖርም ከሥራው የማያስቀረውን ነው።

ወደ ቤት ገበያ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ቅጽሉ ፈላጊው ማን እንደሆነ አይናገርም። በ1933 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) የአሜሪካ መንግሥት ቤታቸው በዕዳ ሊወሰድባቸው ለነበሩ ሰዎች የብድር ተቋም አቋቋመ። ተቋሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከ200 የሚበልጡ ከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፈለ፤ አረንጓዴው «ምርጥ»፣ ሰማያዊው «አሁንም ተፈላጊ»፣ ቢጫው «በእርግጥ እያሽቆለቆለ ያለ»፣ ቀዩ «አደገኛ»። «አሁንም» የምትለዋን ቃል ይመልከቱልኝ፤ መውደቂያውን ቀን የምትጠብቅ ትመስላለች። ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ይቀባ ነበር። የስደተኞችና የአይሁድ መኖርም ደረጃ ያስቀንስ ነበር።

እኛ ቤት የምንፈልግበት ሴንትራል ዲስትሪክት በዚያ ካርታ ቀይ ነው። ጥቁሮች ሌላ ቦታ እንዳይገዙ የቤት ሰነዶች ይከለክሉ ስለነበር እዚያው ተከማቹ። በኋላ የእኛ ሰዎች መጥተው በቼሪ ጎዳና ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ዛሬ የዚያው ሰፈር አሮጌ የእንጨት ቤት ሳይቀር በዚህ ቅጽል ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ሰፈሩን ያቆሙትን ሰዎች ልጆች እየገፋ አስወጥቷል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

በ1968 የወጣው ሕግ በቤት ሽያጭ፣ በኪራይና በማስታወቂያ ሰውን በዘሩ መለየትን ከለከለ። በ1995 ግን የቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ «ተፈላጊ ሰፈር» የሚለው ሐረግ ብቻውን አቤቱታ አያስነሣም ሲል ለሠራተኞቹ መመሪያ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን በአንድ ቅጽል ሰው አልከስም። ደላላውን ግን «በማን ነው የሚፈለገው?» ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ባቡር ብዙ አወራኝ፤ ጥያቄዬን ሳይመልስ ቀረ።

ለማንኛውም ገና አልገዛንም፤ ባንኩ እስኪወስን እየጠበቅን ነው። እርስዎም ለዕድርተኞቹ «ልጄ ተፈላጊ ሰፈር ሊገባ ነው» ብለው እንዳያስወሩብኝ። ሦስት መኝታ ቤት ያለው፣ ጣሪያው መታደስ የሚፈልግ ቤት ነው ይበሏቸው። አንደኛው ክፍል ለእርስዎ ነው፤ ደረጃ የለበትም።

ልጅዎ