ልጆቻችሁ በሰሚነሪ ክፍል ስለሚሠሩት ነገር

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ፣ ሌሎቻችሁም በር ላይ አግኝታችሁኝ፣ «ልጄ መጽሐፍ ሊማር ሄዶ ገመድ ሲዘረጋ ዋለ አሉ፤ ይኼ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?» ብላችሁኛል። ዳዊት እየደገመ ላደገ ወላጅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጽሑፍ ልመልስ።

አዲስ ለገባችሁ፦ ሰሚነሪ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን (ብዙ ሰው ሞርሞን የሚለን) ለሃይስኩል ልጆች የሚሰጠው የቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 እዚሁ ሶልት ሌክ፣ ከግራናይት ሃይስኩል አጠገብ ተጀመረ። ልጆቹ በወላጅ ፈቃድ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥተው ወደ እኛ ሕንፃ ይመጣሉ። ለዲፕሎማ ነጥብ አይያዝበትም። ስለዚህ ልጁን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ማርክ ሳይሆን ትምህርቱ ራሱ መሆን አለበት። ዘንድሮ ተራው የብሉይ ኪዳን ነው።

ወደ ገመዱ ልምጣ። ዘፀአት 27 የማደሪያው ድንኳን አደባባይ ርዝመቱ መቶ፣ ወርዱ አምሳ ክንድ ነው ይላል። ይህን ለ15 ዓመት ልጅ ዝም ብላችሁ ብታነቡለት ያንቀላፋል፤ እኔም አልፈርድበትም። ስለዚህ መኪና ማቆሚያው ላይ እንወጣና ከክርን እስከ ጣት ጫፍ እየለካን ገመድ እንዘረጋለን። ወዲያው «የማን ክንድ ነው ልኩ?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ የረጅሙና የአጭሩ ልጅ አደባባይ እኩል አይሆንማ። በ45 ሳንቲ ሜትር ሂሳብ ተስማምተን ስንጨርስ 45 በ22 ሜትር ተኩል ይወጣል። ውስጡን መሠዊያ፣ መታጠቢያ፣ ቅድስት፣ ቅድስተ ቅዱሳን ብለን በኖራ እናሰምራለን። ከመጋረጃው ወዲህ ቆመው ዘሌዋውያን 16ን ሲያነቡ፣ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለምን እንደሚገባ የሚጠይቁት ራሳቸው ናቸው። ከኦርቶዶክስ ቤት የመጡ ልጆች ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስን ስለሚያውቁ አከፋፈሉን ከሌሎቹ ቀድመው ይይዙታል፣ ለጓደኞቻቸውም ያስረዳሉ። ይህን በጣም እወደዋለሁ።

ዘፍጥረት 44 ላይ ደግሞ ይሁዳ በዮሴፍ ፊት ስለ ብንያም የሚማለደውን በየድርሻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ከዚያ መምህሩ መጽሐፉን ያስዘጋል። አንተ ዮሴፍን ብትሆን አሁን ራስህን ትገልጣለህ ወይስ አንድ ጊዜ ትፈትናቸዋለህ? የገለጠ ወደ ቀኝ፣ የፈተነ ወደ ግራ። ሁሉም ለምርጫው ከምዕራፉ አንድ ቁጥር መጥቀስ አለበት፤ «እንዲሁ መሰለኝ» አይሠራም። በኮሪደሩ ስታልፉ የምትሰሙት ጫጫታ በአብዛኛው ይኼ ነው።

የቃል ጥናቱም አልቀረም። ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ በተነበበ ቁጥር ጥቂት ቃላት ይሰረዛሉ፣ በመጨረሻ ባዶውን ሰሌዳ እያዩ ይሉታል። ጥቅስ በፍጥነት የማግኘት ውድድር ግን ቀንሰናል፤ ፈጣኖቹ ሁሌ ያሸንፋሉ፣ የቀሩት ስልካቸውን ያያሉ። ሲኖር በቡድን ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ጥቂት ነው። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» አትበሉ፤ መልሱን ሁላችን እናውቀዋለን፣ «ምንም» ነው። «ይሁዳ ምን አለ?» በሉ። የወሩን ቁጥር ከቤታችሁ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አብራችሁ አንብቡ። በዚህ ወር ምሳሌ 3፥5-6 ነው፦ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ።» ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ ያውቁታል፤ በአማርኛ ሲሉት የሚያርማቸው እናንተ ብቻ ናችሁ።

የቤተክርስቲያናችን አባል ያልሆናችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከጓደኞቹ ጋር ስለመጣ ብቻ ጥምቀት ይጠየቃል ብላችሁ እንዳትሰጉ። ለመመዝገብ የእናንተ ፊርማ እንጂ አባልነት አያስፈልግም፤ ፊርማችሁንም በፈለጋችሁ ጊዜ ማንሣት ትችላላችሁ። ክፍል ገብታችሁ ማየት ብትፈልጉ በቀደመው ቀን ለቢሮ ንገሩን። ገመድ የምንዘረጋበት ቀን ከሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ፤ ክንዳችሁንም እንለካለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የሰሚነሪው ዳይሬክተር