ጉባኤውን «ያወኩት» ወጣቶች አይደሉም፤ እኛ ነን

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያወጣችሁትን ዜና ያላነበበ የለም። እህል ተራ ሳይቀር ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። ስለዚህ መልሼ አልተርከውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ሊዋጥልኝ አልቻለም። «በማኅበራዊ ሚዲያ የተገፋፉ ጥቂት ወጣቶች ጉባኤውን አወኩ» ይላል።

ወጣት ስላላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ጉልበቴም ለስግደት እምቢ ካለኝ ቆይቷል። በጉባኤው ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ቀጥለው የተነሱት የማርያም ማኅበርተኛዬ ደግሞ በዕድሜ ይበልጡኛል። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ፌስቡክ ቢሏቸው የአዲስ ሰፈር ስም ይመስላቸዋል። ወጣቶቹማ ከኋላ ቆመው ጭጭ ነው ያሉት። ዝም በማለታቸው ብትወቅሷቸው ኖሮ እኔም እስማማ ነበር።

ጥያቄውስ ምን ነበር? ዜናው ውስጥ የለም። ለጣራው የተዋጣው ገንዘብ ገቢና ወጪው ይነበብልን ነው ያልነው። በቃ። ጣራው የሚያፈሰው በሴቶች በኩል ነው። ፍልሰታን ሙሉ ነጠላችን እየበሰበሰ ኪዳን አድርሰናል፣ አስቀድሰናል። የደብረ ብርሃንን የነሐሴ ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። በወንዶቹ በኩል ጠብ አይልም። ታዲያ ጥያቄው ከሴቶች ቢመጣ ምን ይገርማል? ዘጋቢያችሁ አስተዳዳሪውን አነጋግሯል። የሰበካ ጉባኤውን ጸሐፊም አነጋግሯል። አንዲት እናት ግን አልጠየቀም። ቀና ብሎ ጣራውንም አላየም።

ገንዘቡ ተበላ አላልንም። እኔ በበኩሌ እንደዚያ አላምንም። ነጋዴ ነኝና የቆርቆሮ ዋጋ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። የተዋጣው አልበቃም ይሆናል። አልበቃም ከተባልን እኮ እንጨምራለን! ሰው እጁን የሚሰበስበው የሰጠው የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው። እኔ ጤፍ ስሸጥ ደንበኛ «ሚዛኑን ድገሚልኝ» ይለኛል። እደግምለታለሁ። ሌባ ተባልኩ ብዬ ቡራ ከረዩ አልልም። ሚዛኔ ልክ ከሆነ ምን አስጨነቀኝ?

ደግሞስ «ማወክ» የተባለው ምኑ ነው? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦልናል። መጀመሪያ ለብቻው ንገረው። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ። እነርሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ አስተዳዳሪውን አባታችንን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ይህ የአባቶች ጉዳይ ነው» አሉኝ። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። «ከበዓሉ በኋላ» ተባልን። የትኛው በዓል እንደሆነ አልተነገረንም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የበዓል ችግር የለም። ጉባኤ ላይ እጄን ያወጣሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሰበካ ጉባኤስ ለምን ተቋቋመ? መተዳደሪያ ደንቡ ቃለ ዓዋዲው በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአጥቢያቸው አስተዳደር አብረው እንዲሠሩ ነው። ምእመናን ሲባል ሴቶችም ያሉበት መስሎኝ ነበር።

ከጉባኤው ወዲህ ስም አልቀረኝም። አንዱ «ተሐድሶ ናት» አለ፤ ቤተ ክርስቲያንን ከውስጥ እንለውጥ ከሚሉት ወገን ናት ማለቱ ነው። ፍልሰታን በዝናብ ስር የጨረሰች ሴት ተሐድሶ! ሌላው ደግሞ ካም አለኝ። የአባቱን ዕራቁት አይቶ ያወራውን የኖኅን ልጅ ማለቱ ነው። እኔ የማንንም አባት ገመና አልገለጥኩም። የተራቆተው ጣራው ነው፤ እሱን አልብሱልን ነው ያልነው። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያንገበገበኝ የልጄ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ ከምታገለግልበት መዝሙር ክፍል ስሟ ተሰረዘ። ምክንያቱን ስትጠይቅ «እናትሽን ጠይቂ» አሏት። ዘጋቢያችሁ ይህን ቢሰማ ምን ብሎ ይጽፈው ነበር? «አንዲት ወጣት በፈቃዷ ዕረፍት ወሰደች» ይል ይሆናል።

ካህን እየሰደቡ በቲክቶክ ሳንቲም የሚለቅሙ መኖራቸውን አላጣሁትም። እነሱን እኔም አልወዳቸውም። የጠየቀ ሁሉ ቅን ነው ብዬም አልከራከርም። ግን የሚያሾፈውንና የሚቆረቆረውን መለየት ያን ያህል ከባድ አይደለም። የሚቆረቆረው በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ያስቀድሳል፤ መዋጮ ሲጠየቅም ይከፍላል። ዜናችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «የተገፋፉ» አላቸው።

እስቲ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ችላ ተባሉ። ማጉረምረም ተነሳ። ሐዋርያት «ማነው የገፋፋችሁ?» አላሉም። «ይህ የአባቶች ጉዳይ ነው» አላሉም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። ቅዱስ እስጢፋኖስ የተመረጠው ያኔ ነው። ቀዳሜ ሰማዕት፣ ሊቀ ዲያቆናት ብለን የምናከብረው እሱ! ለሹመቱ መነሻ የሆነው ስለ ተበደሉ ሴቶች የተነሳ አቤቱታ ነው። ዘጋቢያችሁ ያን ቀን ኢየሩሳሌም ቢኖር «ጥቂት ወጣቶች ማዕድ አወኩ» ብሎ ዜናውን በላከ ነበር።

ሸዋም ለተግሣጽ እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ፊልጶስ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን የአባትህን ሚስት አገባህ ብለው ገሠጹት። በዚህም ተሰደዱ። ዛሬ ገድላቸው ይነበባል፤ ቤተ ክርስቲያን ጻድቅ ትላቸዋለች። ከተማችንን የቆረቆራት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመነኩሴውን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ በጽኑ ያስቀጣ ንጉሥ ነው። የሃይማኖቱን ክርክር ለሊቃውንት እተወዋለሁ። ቅጣት መልስ እንዳልሆነ ግን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እኛ ደግሞ የጠየቅነው ስለ ምሥጢረ ሥላሴ አይደለም፤ ስለ ቆርቆሮና ምስማር ነው።

የነፍስ አባቴ ወሬውን ሲሰሙ ቤቴ ድረስ መጡ። በክርስትና ስሜ ጠርተው በሚቀጥለው ጉባኤ አጠገቤ እንደሚቀመጡ ነገሩኝ። ካህን እንደዚህም ነው። ዜናችሁ ካህናትን ሁሉ በአንድ ወገን፣ ጠያቂን ሁሉ በሌላ ወገን ማሰለፉ ለእሳቸውም ፍርደ ገምድልነት ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እርማቱን ዜናው በወጣበት በዚያው ቦታ አውጡልን። ጠያቂዎቹ እናቶች እንደነበሩ፣ ጥያቄውም ስለ ጣራው ሒሳብ እንደነበር ይጻፍ። አባታችን የሚሉት ካላቸው እሱንም አብራችሁ አውጡ። በጽሑፍ ከመለሱላችሁ ደግሞ ግልባጩን ለእኛም አድርሱን። እኛ እስካሁን አልደረሰንም።

አንዲት እህል ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን