ለእማዬ፦ ስለ ልጁ ስም

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ? መንዝ ብርዱ በርትቷል አሉኝ። ባናውን ደርበሽ ተኚበት እንጂ ለእንግዳ እያልሽ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊው፣ በዚህ ብርድ ማን እንግዳ ይመጣል ብለሽ ነው። ደብዳቤውን በቴሌግራም የላክሁት ለእህቴ ልጅ ነው፣ እሷ ታነብልሻለች። (አንቺም ልጄ አንድ ቃል ሳትዘይ አንብቢላት፣ የሚያሳፍርሽ ቦታ ቢኖርም።)

የዛን ቀን ስልክ ላይ "ምትኩ በለው" ስትይኝ ኔትወርክ ተቋረጠ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዛ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ትልቋ የፊት ጥርሷ ወለቀ፣ ህፃኑ ሌሊት አያስተኛንም፣ እናቱን ገንፎ ሰለቻት ምናምን እያልኩ ሳወራሽ ከረምኩ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን የሆዴ እሱ አልነበረም።

አባባ ካረፉ ዓመት እንኳን አልሞላቸውም፣ ስለዚህ ምትኩ ማለትሽ ይገባኛል፣ የእሳቸው ምትክ ማለትሽ ነው። አገራችን ሰው ሲጎድል እንዲህ ነው፣ ከሞት ኋላ የመጣውን ልጅ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ይሉታል፣ እግዜር የወሰደውን ከፈለ ሲሉ ደግሞ ካሳ፣ ካሳሁን። ማንም ክፉ አስቦ አያወጣውም። ግን እማዬ ስሙን ይዞት የሚዞረው ልጁ ነው እኮ፣ እኔ ካሳ የሚለውን 42 ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን መሬታቸው ለፋብሪካ የተወሰደባቸው ሰዎች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው "ካሳው አነሰ" ሲሉ በሰማሁ ቁጥር እስከዛሬ ድረስ ዞር እላለሁ፣ እኔን ያሙኝ እየመሰለኝ።

ማትሪክ የወደቅኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ ተሰብስቦ፣ እኔ ኩበት ታቅፌ በር ላይ ደርሻለሁ፣ አንቺ "እግዜር ካሳ ሰጠኝ ብዬ ነበር፣ ይሄ ምኑን ካሳ ሆነ" አልሽ። ሴቶቹ ሳቁ። ኩበቱን እዛው አራግፌ በጎቹ ጋ ሄድኩ። ያን ማታ ለእንግዳ እንጂ ለኛ የማይነካውን እንቁላል ጠብሰሽ ሰጠሽኝ፣ መስማቴን አውቀሽ ነበር ማለት ነው? እኔም አልጠየቅኩ፣ አንቺም አላነሳሽው።

አባባ ነበሩ ፈልገው ያገኙኝ። "ቴዎድሮስ ማን ነበር? ካሳ ኃይሉ። ዮሐንስስ? ካሳ ምርጫ። ሁለት ንጉሥ ያወጣ ስም ነው፣ ምን ያስለቅስሃል" አሉኝ፣ ደስ አለኝ። ኋላ ሳስበው ግን ቴዎድሮስ በ1847 ሲነግሥ፣ ዮሐንስም በ1864 አክሱም ላይ ዘውድ ሲጭን፣ ሁለቱም መጀመሪያ የጣሉት ካሳ የሚለውን ነው፣ እኔ በምን ልንገሥና ልጣለው። ያውም ቴዎድሮስ በ1848 ሸዋን ሲይዝ የኛን ምኒልክን ገና ልጅ ሳለ መቅደላ የወሰደው ነው፣ አባባም እሱን እያነሱ "ልጃችንን የወሰደብንም ካሳ ነው" ብለው ይስቁብኝ ነበር።

የአንጎለላውንስ ወሬ? ሣህለ ሥላሴ ለልጅ ልጃቸው "ምን ይልህ ሸዋ" ብለው ስም አወጡለት፣ ምኒልክ የመጣው ከዛ ነው እያሉ አባባ ስንቴ አወሩልን። እኔ ያን ወሬ የምወደው ለምን መሰለሽ፣ አያትየው ለሞተ ሰው ሳይሆን ገና ለሚመጣው ቀን ነው ያወጡት። አንቺም አያት ነሽ፣ ስሙን አንቺው አውጪለት፣ ሚስቴም ተስማምታለች። ምትኩን ብቻ ተይልኝ። አባባ ምትክ የላቸውም፣ ልጁም የማንም ዕዳ የለበትም።

ሌላም አለ። ከኔ በፊት የሞተው ወንድሜ ማን ነበር ስሙ? አንድ ቀን ጠርተሽው አታውቂም፣ "ያ ልጅ" ነው የምትይው፣ "ያ ልጅ ቢኖር ይሄኔ" ትይና ምድጃው ላይ ታቀረቅሪያለሽ። ያደግኩት በሱ ባና ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር የነበረበት። ለቄሱ የክርስትና ስሙን እንደምትነግሪያቸው አውቃለሁ፣ ለነፍሱ ያስቡታል፣ እኔ ነኝ የማላውቀው። ለህፃኑ ላወጣው ብዬ አይደለም፣ የማን ካሳ እንደሆንኩ ልወቅ ብዬ ነው። በልጅነቴ እንዳላስለቅስሽ ፈራሁ፣ አሁን ደግሞ ሀኪሙ ስለ ልብሽ ያለውን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር ነው የምፈራው። ይዘሽብኝ እንዳትሄጂ እማዬ።

ተይው፣ ስታለቅሺ ግፊትሽ ይነሳል። ክኒኑን ዛሬ ደህና ነኝ እያልሽ ትዘይዋለሽ አሉኝ፣ እሱ እኮ ሲያም ብቻ የሚዋጥ እንደ ራስ ምታት ክኒን አይደለም፣ በየቀኑ ነው። የልጁ አርባ የሚመጣው እሁድ ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ነው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ሐሙስ እራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። ካልሆነ ግን ማታ ቻርጅ ሲኖር ደውይልኝ፣ አልዘጋውም። ሁለቱንም ስም ንገሪኝ፣ የሱንም የህፃኑንም።

ክኒኑ ካለቀ ደግሞ ልጅቷ ባዶውን ፓኬት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ እዚህ ፋርማሲ እጠይቃለሁ።

ልጅሽ ካሳ